የአሮጌ መኪናዎን ወንበር ሲቀይሩ ወገብዎን ያማክሩ

ባለፈው ክረምት አንድ የአርባ አምስት ዓመት ገደማ ታካሚ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ምርመራ ክፍል ገቡ። ህመሙ ከግራ መቀመጫቸው ተነስቶ በጭናቸው ጀርባ በኩል እስከ ባታቸው ይወርዳል። ሲያስሉ ይብስባቸዋል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱም ቀጥ ብለው ለመቆም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ከባድ ዕቃ አንስተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አላነሱም። ወድቀው እንደሆነም ጠየቅኋቸው፤ አልወደቁም። ሥራቸው የቢሮ ሲሆን እዚያው ወንበር ላይ ያለ ችግር ዓመታት ተቀምጠውበታል።

ምርመራውን ጨርሼ መድኃኒት ስጽፍ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ከአባታቸው የወረሷት ባለሁለት በር የጣልያን ኩፔ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በትርፍ ጊዜያቸው ሲያድሷት ኖረዋል። ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል፤ ቀለሙ ታድሷል፤ በመጨረሻም የተቀዳደዱት የድሮ ወንበሮች ወጥተው በቦታቸው ሁለት የእሽቅድምድም ወንበሮች ገብተዋል። “እውነተኛ የሬስ ወንበር ነው ዶክተር፤ ጭምቅ አድርጎ ነው የሚይዘው” አሉኝ በኩራት። ወንበሩ ከተገጠመ ሁለት ወር ሆኖታል። ህመሙ ከጀመረ ስድስት ሳምንት።

የእኚህን ሰው ህመም ያመጣው ወንበሩ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም። ዲስክ በዕድሜ ይዳከማል፤ በዘርም ይመጣል፤ ሲጋራም ያባብሰዋል። ይሁን እንጂ የተዳከመን ዲስክ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት በማይስማማ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ችግሩን እንደሚቀሰቅሰው በየጊዜው የምናየው ነው። ታካሚዎቼ የትኛው ፍራሽ እንደሚሻል ይጠይቁኛል፤ ስለ ጫማም ይጠይቁኛል። ስለ መኪና ወንበር ግን ከዚያን ቀን በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎችም ወንበርን የሚያስቡት በመጨረሻ ሲሆን የሚመርጡትም በዓይን ነው። የዛሬው ጽሑፌ በተለይ ለእነርሱ ቢሆንም ማንኛውም የሚያሽከረክር አንባቢ የሚጠቀምበት ነገር አያጣም።

ስንቆም ወገባችን ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቅስት አለው። ስንቀመጥ የዳሌ አጥንታችን ወደ ኋላ ይዞርና ቅስቱ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግሉት ዲስኮች በፊት በኩል ይጨመቃሉ፤ በኋላ በኩል ደግሞ ይወጠራሉ። ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች የሚያልፉት በዚሁ በኋላ በኩል ነው። ዲስኩ ወደ ኋላ ሲያብጥ ወይም ሲቀደድ ነርቩን ይነካል፤ ሳያቲካ የምንለው ከመቀመጫ እስከ እግር የሚወርድ ህመምም ይጀምራል።

የስፖርት ኩፔ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ወንበሩ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ያህል ነው፤ እግርም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ይዘረጋል። እግር ሲዘረጋ የቋንጃ ጡንቻዎች ይወጠራሉ። እነዚህ ጡንቻዎች የሚነሱት ከዳሌ አጥንት ስለሆነ ዳሌውን ይበልጥ ወደ ኋላ ይስቡታል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። መሬት ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡና ወገብዎን ቀጥ ለማድረግ ይሞክሩ። ከዚያ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ አድርገው እንደገና ይሞክሩት። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል።

በዲስክ ላይ የሚደርሰውን ጫና ሐኪሞች በቀጥታ ለክተውታል። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የግፊት መለኪያ ያለው መርፌ በሰው ዲስክ ውስጥ አስገብቶ በመለካት፣ ያለ መደገፊያ በተቀመጠ ሰው ላይ ያለው ጫና ከቆመ ሰው እንደሚበልጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 የጀርመን ተመራማሪዎች በአንድ ፈቃደኛ ሰው ላይ ባካሄዱት ልኬት ደግሞ ዘና ብሎ መቀመጥ ከመቆም እንደማይከፋ፣ በተቀመጡበት ወደ ፊት መጉበጥ ግን ጫናውን በከፍተኛ ደረጃ እንደሚጨምረው ታየ። ሁለቱ ልኬቶች በሁሉም ነገር አይስማሙም። ለእኛ ለአሽከርካሪዎች የሚጠቅመው ግን ግልጽ ነው፤ ወገብን የሚደግፍና ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ መደገፊያ ጫናውን ይቀንሳል፣ የሚያጎብጥ ወንበር ይጨምረዋል።

ሌላው ጉዳይ ንዝረት ነው። የተቀመጠ ሰው አካል በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ፣ አከርካሪው ንዝረቱን ከማብረድ ይልቅ አጉልቶ ይቀበለዋል። ይህ ደግሞ መኪኖች በተለይ ሻካራ መንገድ ላይ ከሚያመጡት ንዝረት ብዙ የራቀ አይደለም። ኮብልስቶን ላይ አሞርዛተሩ ባለቀ መኪና የነዳ ሰው የምለውን ያውቀዋል። የድሮዎቹ ወንበሮች ከውስጣቸው ሞላ ነበራቸው፤ የመንገዱን ምት ሞላው ይውጠው ነበር። የእሽቅድምድም ወንበር ግን ከፋይበርግላስ ወይም ከቆርቆሮ በተሠራ ቅርፊት ላይ የተለጠፈ ስስ ስፖንጅ ነው። ምቱ በቀጥታ ለእርስዎ ይደርሳል።

በእንግሊዝኛው አጠራር ባኬት ሲት የሚባለው ወንበር ስሙን የወሰደው ከባልዲ ነው። ሰውን ከጎንና ከጎን አቅፎ ይይዛል። ለእሽቅድምድም የተሠራው መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ነጂው እንዳይንሸራተት ነው፤ በዚህ ሥራው እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን እውነተኛው የሬስ ወንበር ለአንድ ሰው አካል ተለክቶ የሚሠራ ነው፤ አንዳንዱም በነጂው ገላ ቅርጽ ልክ ስፖንጅ ይፈስበታል። የሌላ ሰው የሬስ ወንበር መግዛት የሌላ ሰው መነጽር እንደመግዛት ነው። በዚህ ላይ እሽቅድምድም ውስጥ መገናኛ አካባቢ ቆሞ አንድ ሰዓት መጠበቅ የለም።

በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛ ዓይነት የተሻለ ነው። የጀርመኑ ሬካሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመንገድ መኪና የሚገጠም የስፖርት ወንበር ካወጣ ወዲህ፣ ጎኑ መጠነኛ ከፍታ ያለው፣ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚያዘነብልና በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ወንበር ብዙ አምራቾች ይሠራሉ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ከተፈቱ መኪኖች የሚወጡትን የስፖርት ወንበሮች የሚያዩ አንባቢያን ካሉ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ለዕለት ጉዞ የሚነዱት መኪና ከሆነ ቅርፊቱ አንድ ወጥ የሆነውንና የማያዘነብለውን ወንበር አልመክርም።

ሊገዙ ከመሄድዎ በፊት ራስዎን ይለኩ። መኪናውን የሚለካ ብዙ ነው፤ ራሱን የሚለካ ግን አላየሁም። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዳሌዎን በግራና በቀኝ በሁለት መጻሕፍት ገጠም ያድርጉና በመጻሕፍቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። የወንበሩ የውስጥ ስፋት ከዚህ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ በብርድ ጊዜ ወፍራም ልብስ እንደሚለብሱም አይርሱ። የወንበሩ ጎኖች ዳሌን ከተጫኑ ነርቭና የደም ዝውውር ይጨነቃሉ፤ እግር ይደነዝዛል። በመቀጠል ከመቀመጫዎ ጀርባ እስከ ጉልበትዎ ቋንጃ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የወንበሩ መቀመጫ ከዚህ ሦስት ጣት ያህል ሊያጥር ይገባል። ረዥም ከሆነ የወንበሩ ጠርዝ ቋንጃዎን ስለሚጫንዎት ሳይታወቅዎ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ወገብዎ ከመደገፊያው ይለያል። አጭር ቁመት ያላቸው ሴት አሽከርካሪዎች ጀርባቸው መደገፊያውን ሳይነካ ሲነዱ የምናየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ጀርባዎን እስከ መጨረሻው ያስጠጉ። ከቀበቶዎ ከፍ ብሎ ያለው የወገብዎ ጉድጓድ ከመደገፊያው ጋር መገናኘት አለበት። በመካከሉ መዳፍዎ ያለ ችግር የሚያልፍ ከሆነ ድጋፍ የለውም ማለት ነው። ድጋፉ በዝቶ የሚገፋዎት ከሆነም አይሆንም፤ ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ደስ ያሰኛል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያማል። የትከሻ ክንፎች ያሉት ወንበር ከሆነ ትከሻዎን ወደ ፊት እንዳያጥፈው ያስተውሉ። ስፖንጁን በጡጫዎ ገፋ ያድርጉት፤ ጡጫዎ ብረቱ ጋ ከደረሰ መቀመጫዎም ይደርሳል።

ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ሳይሞክሩ አይግዙ። ሻጩ ሊሰለች ይችላል፤ ይሰልች። ሲሞክሩ የኋላ ኪስዎ ውስጥ ያለውን የገንዘብ ቦርሳ ያውጡ፤ ሲነዱም እንደዚያው። ወፍራም ቦርሳ ላይ መቀመጥ ዳሌን ያጋድላል፤ በመቀመጫ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭም ይጫናል። ቦርሳውን ከኋላ ወደ ፊት ኪስ በማዛወር ብቻ የተሻላቸው ታካሚዎች አሉኝ።

ከመሪና ከፔዳል ጋር ያለው ስምምነት የሚታወቀው ወንበሩ ከተገጠመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ብየዳ በፊት ይሞክሩት። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፋት ሊቀረው ይገባል። ትከሻዎ ከመደገፊያው ሳይለቅ አንጓዎ የመሪውን ጫፍ መንካት አለበት። በድሮዎቹ የጣልያን መኪኖች ላይ ሁለቱን ማስማማት ከባድ ነው፤ ፔዳሉ ቅርብ፣ መሪው ደግሞ ሩቅ ነው። ለፔዳሉ ሲሉ ወደ ኋላ ቢሸሹ እጅዎ ይንጠለጠላል፤ ለመሪው ሲሉ ወደ ፊት ቢጠጉ ጉልበትዎ ይታጠፋል። ለዚህ ነው የሚያዘነብል መደገፊያና ሐዲድ የሌለው ወንበር በእነዚህ መኪኖች ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው። መኪናውን ባለቤትዎም የሚነዱት ከሆነ ደግሞ ሐዲዱ ለድርድር አይቀርብም። በጭንቅላትዎና በጣሪያው መካከልም የአንድ ጡጫ ቦታ ይተዉ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ህመም ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ስለ ሕይወት ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ወንበራቸው ትከሻ ላይ ያበቃል። አሜሪካ የፊት ወንበሮች ላይ የጭንቅላት መደገፊያ እንዲኖር ያስገደደችው እ.ኤ.አ. ከጥር 1969 ጀምሮ ነው። ብዙዎቻችን ይህን መደገፊያ ለእረፍት የተሠራ ይመስለናል። ሥራው ሌላ ነው። መኪናዎ ከኋላ ሲመታ ወንበሩ ደረትዎን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጭንቅላትዎ ግን ባለበት ይቀራል። በዚያች ቅጽበት አንገት እንደ አለንጋ ይወረወራል፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ይጎዳል፤ ለወራት የሚቆይ የአንገትና የራስ ህመም ሊያስከትል ይችላል። መደገፊያው ይህን የሚከላከለው ጫፉ ከጭንቅላትዎ አናት ጋር ሲስተካከልና ከጭንቅላትዎ ጀርባ ያለው ክፍተት ከ7 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ነው። አንገት ላይ የሚያርፍ ዝቅ ያለ መደገፊያ ከሌለው ብዙም አይሻልም። የድሮውን ወንበር ለመቀየር አሳማኝ የምለው የሕክምና ምክንያትም ይህ ነው።

የደህንነት ቀበቶን በተመለከተ፣ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን በሦስት ነጥብ የሚይዝ ቀበቶ የቮልቮ መሐንዲስ የነበረው ኒልስ ቦሊን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የታችኛው ክፍሉ ማረፍ ያለበት በዳሌ አጥንት ላይ ሲሆን ሆድ ላይ መውጣት የለበትም። አጥንት ግጭትን ይሸከማል፤ አንጀትና ጉበት ግን አይሸከሙም። የሬስ ወንበር ጎኑ ከፍ ስለሚል ተራው ቀበቶ በጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ሆድ ላይ ያርፋል። አንዳንዶች ይህን አይተው ባለአራት ነጥብ የሬስ ቀበቶ ይገጥማሉ። ይህም የራሱ አደጋ አለው። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚያልፈው አምስተኛው ማሰሪያ ከሌለ፣ በግጭት ጊዜ የትከሻው ማሰሪያ የወገቡን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሰውየውም ከሥር ይሾልካል። ስለዚህ ተራው ቀበቶ ዳሌ ላይ በትክክል የሚያርፍበትን ወንበር ይምረጡ።

አተካከሉም እንደዚሁ ነው። የአሮጌ መኪና ወለል ከምንጣፉ ሥር ዝጎ ሊሆን ይችላል። በሳሳ ቆርቆሮ ላይ በአራት ቡሎን የታሰረ ወንበር በሰላም ጊዜ የጸና ይመስላል፤ በግጭት ጊዜ ግን ከነተሳፋሪው ይነቀላል። ወለሉ ሳይታይና ከሥሩ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ሳይደረግ አያስገጥሙ። ይህን ለመካኒክዎ እኔ ላስተምረው አልችልም፤ እርስዎ ግን ሊጠይቁት ይችላሉ።

የሁሉም መልስ አዲስ ወንበር አይደለም። ለብዙዎች የምመክረው የድሮውን ወንበር ማደስ ነው። የላላውን ሞላ ማስቀየር፣ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ማስገባት፣ የወገብ ድጋፍ ማስጨመርና ከወንበሩ ብረት ጋር በጽኑ የሚያያዝ የጭንቅላት መደገፊያ ማሠራት ይቻላል። ልብሱ ከፕላስቲክ ይልቅ ጨርቅ ቢሆን ላብ አይዝም። የጉልበት ብግነት ያለባቸው፣ ዳሌያቸው የተቀየረላቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ጎኑ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መውጣትና መውረድ ይከብዳቸዋል። ሲገቡ መጀመሪያ መቀመጫዎን ያሳርፉ፤ ቀጥሎ ሁለቱን እግሮችዎን አንድ ላይ ያስገቡ። ሲወጡም እንዲሁ።

ለጊዜው ገንዘብ የሌለው ሰውም ከንቱ አይቀርም። አንድ ፎጣ ወይም ነጠላ ጠቅልለው ወገብዎ ጉድጓድ ላይ ያድርጉት፤ ውፍረቱ የእጅ አንጓ ያህል ይበቃል። ለስላሳ ትራስ መቀመጫ ሥር ማድረግን ግን ተዉት፤ በግጭት ጊዜ ከቀበቶው ሥር እንዲሾልኩ ያደርጋል። እስከ ሐዋሳ የሚደርስ ጉዞ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ወንበር ብቻውን አይበቃም። በየሰዓት ተኩሉ ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ፤ ለወገብም፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይጠቅማል። ደርሰው እንደቆሙም ሻንጣ ለማንሳት አይቸኩሉ። ለረዥም ጊዜ ጎብጦ የቆየ ወገብ ጅማቱ ላልቷል፤ ጥቂት ይንቀሳቀሱና ያንሱ።

ህመሙ ከጀመረስ? አብዛኛው የወገብ ህመምና ሳያቲካ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ተኝቶ መሰንበት አይመከርም፤ በሚችሉት መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ በራስ ፈቃድ መወጋትም ልማድ ሆኗል። ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ያባብሳል።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ግን ጠዋት እስኪነጋ አይጠብቁ። ሽንት መሽናት ካቃተዎት ወይም ሽንትና ሰገራ ካመለጠዎት፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነትዎ ክፍል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮችዎ ከዛሉ ወይም የእግርዎ ፊት እየወደቀ መሬት ከጎተተ፣ በወገብ በኩል ያሉት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሽንቱን የመቆጣጠር አቅሙን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና ሌሊት የሚብስ የወገብ ህመም ካለ ደግሞ ወንበሩን አይውቀሱ። በአገራችን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ብርቅ አይደለም፤ ይመርመሩ።

ታካሚዬ ከእነዚህ የአደጋ ምልክቶች አንዱም አልነበራቸውም። የእግራቸው ጉልበት ደህና ነበር። የሬስ ወንበሩን አስወጥተው የአባታቸውን ወንበር በአዲስ ሞላ አሠሩት፤ የጭንቅላት መደገፊያም አስጨመሩበት። የሚሠሩትን የጡንቻ እንቅስቃሴ አሳየኋቸው። በሁለተኛው ወር ሲመጡ ህመሙ ከባታቸው ለቆ መቀመጫቸው ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እኛ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት እናየዋለን። የሬስ ወንበሩን ምን እንዳደረጉት ጠየቅኋቸው። ሳሎን ውስጥ ነው አሉኝ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ኳስ ያይበታል። ለልጁ ዳሌ ይሰፋዋል።